መኪና ሲነሳ የሚነገር እንግሊዝኛ

በተከለከለ ቦታ የቆመ መኪና ተነስቶ እስኪለቀቅ በሚያልፍበት ደረጃ ሁሉ እንግሊዝኛ የየራሱ ቃል አለው። ቃላቱ አሜሪካና ብሪታንያ ላይ ይለያያሉ፤ በአንድ አገር ውስጥም ተመሳሳይ የሚመስሉ ቃላት የተለያየ ሕግ ይዘው ይገኛሉ። በእነዚህ አገሮች የሚያሽከረክር ኢትዮጵያዊ ቃላቱን ቢለይ ገንዘቡን ያድናል፤ መብቱንም ያስከብራል።

መጀመሪያ የሚነበበው የመንገድ ምልክት ነው። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ሦስት የክልከላ ምልክቶች አሉ። «ኖ ፓርኪንግ» ከሦስቱ ላላ ያለው ነው፤ ሰው ለማውረድና ለመጫን፣ ዕቃ ለማራገፍም ለአጭር ጊዜ መቆምን ይፈቅዳል። «ኖ ስታንዲንግ» ዕቃ ማውረድና መጫንን ይከለክላል፤ ሰው ቶሎ አውርዶ ወይም ጭኖ መሄድ ብቻ ይቻላል። «ኖ ስቶፒንግ» ሁለቱንም ይከለክላል። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ መሪውን ይዞ ቢቀመጥም ከቅጣት አያመልጥም። በእንግሊዝ ከተሞች ብዙው ክልከላ በመስመር ቀለም ይነገራል፤ ድርብ ቢጫ መስመር «ኖ ዌይቲንግ» (ቆሞ መጠበቅ ክልክል ነው) ማለት ሲሆን ድርብ ቀይ መስመር ደግሞ በማንኛውም ሰዓት መቆምን ይከለክላል።

አሜሪካ ውስጥ ከምልክቱ ጋር «ቶው አዌይ ዞን» የሚል ከተጨመረ ነገሩ በቅጣት ወረቀት አያበቃም፤ መኪናው ተጎትቶ ሊወሰድ ይችላል። በግል ግቢዎች የሚለጠፈው «አት ኦውነርስ ኤክስፔንስ» የሚል ሐረግም የማንሻውን ወጪ ባለመኪናው እንደሚሸፍን ያስታውቃል።

መስታወት ላይ ተለጥፎ የሚገኘው ወረቀት በአሜሪካ በተለምዶ «ቲኬት»፣ በመደበኛ አጠራሩ «ሳይቴሽን» ነው። እንግሊዝ ውስጥ «ፒ ሲ ኤን» ይባላል፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምህጻረ ቃሉ ሁለት የተለያዩ ሰነዶችን ይወክላልና። «ፔናልቲ ቻርጅ ኖቲስ» ማዘጋጃ ቤት በሕግ የሚጥለው ቅጣት ሲሆን በ14 ቀን ውስጥ ለከፈለ ብዙውን ጊዜ በግማሽ ይቀነሳል። «ፓርኪንግ ቻርጅ ኖቲስ» ግን የግል ኩባንያ የሚያቀርበው የክፍያ ጥያቄ ነው፤ መሠረቱም ምልክቱን አይቶ መኪናውን ያቆመ ሰው ከኩባንያው ጋር ውል እንደገባ ይቆጠራል የሚል ነው። ሁለቱ ወረቀቶች በመልክ ሊመሳሰሉ ስለሚችሉ ከመክፈል በፊት ሙሉ ስማቸውን ማንበብ ይገባል።

ቲኬት ያጠራቀመ ሰው መኪናው ጎማው ተቆልፎ ሊጠብቀው ይችላል። አሜሪካኖች ቁልፉን «ቡት» ይሉታል። ብሪታንያ ውስጥ «ቡት» የመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ስለሆነ የጎማው ቁልፍ «ክላምፕ» ነው። መሣሪያውን የፈለሰፈው የዴንቨር ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቫዮሊን ተጫዋች የነበረው ፍራንክ ማረግ ነው። የከተማው ፖሊስ በ1955 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ስላዋለውም «ዴንቨር ቡት» የሚል ስም ወጣለት። በእንግሊዝና በዌልስ ሕጋዊ ሥልጣን ሳይኖር በግል ይዞታ ላይ የቆመን መኪና መቆለፍም ሆነ መጎተት ከጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወንጀል ነው።

ጎታቹ መኪና በአሜሪካ «ቶው ትራክ» ወይም «ሬከር»፣ በብሪታንያ «ሪከቨሪ ትራክ» ይባላል። የመጀመሪያውን የሠራው በ1916 እ.ኤ.አ. በቴነሲዋ ቻታኑጋ ከተማ የነበረው መካኒክ ኧርነስት ሆምስ ነው፤ ዛሬ በዚያች ከተማ የጎታች መኪኖች ሙዚየም አለ። ሁለት ጎማ ብቻ አንስቶ የሚጎትተው «ዊል ሊፍት»፣ መኪናውን ሙሉ በሙሉ ጀርባው ላይ የሚጭነው ደግሞ «ፍላትቤድ» ነው። አራቱም ጎማዎቹ በሞተር የሚነዱ መኪና ያለ ጥንቃቄ ሁለት ጎማው መሬት እየነካ ከተጎተተ ሊበላሽ ስለሚችል ለእሱ ፍላትቤድ ይመረጣል።

ያቆመውን መኪና ያጣ ሰው በመጀመሪያ ማወቅ ያለበት መኪናው መነሳቱን ወይም መሰረቁን ነው፤ «ዋዝ ማይ ካር ቶውድ?» ብሎ ይጠይቃል። የተነሱ መኪኖች የሚጠበቁበት ግቢ በአሜሪካ «ኢምፓውንድ ሎት»፣ በብሪታንያ «ካር ፓውንድ» ነው። «ፓውንድ» ከመኪና በፊት የባዘኑ ከብቶች ባለቤታቸው ካሳ ከፍሎ እስኪወስዳቸው የሚታገቱበት በረት ነበር፤ አሠራሩ ዛሬም ያው ነው። «ቶው ፊ» የመጎተቻው ዋጋ፣ «ስቶሬጅ ፊ» መኪናው ግቢው ውስጥ ባደረ ቁጥር የሚጨምረው ሂሳብ ነው። ስለዚህ ቢከራከሩም እንኳ መኪናውን ቶሎ ማውጣት ያዋጣል። መንጃ ፈቃድና የባለቤትነት ማስረጃ መያዝም ያስፈልጋል። «ድሮፕ ፊ» ደግሞ መኪናው ከተያዘ በኋላ፣ ሳይወሰድ ለደረሰ ባለቤት የሚጠየቅ ቅናሽ ክፍያ ነው፤ በካሊፎርኒያ ሕግ መኪናው ከግል ይዞታው ሳይወጣ ባለቤቱ ከደረሰ ከመደበኛው የመጎተቻ ዋጋ ከግማሽ በላይ ሊጠየቅ አይችልም።

የመጨረሻዎቹ ቃላት የክርክር ናቸው። ያለ አግባብ መኪና እያነሱ ገንዘብ መሰብሰብ በአሜሪካ «ፕሬዳቶሪ ቶዊንግ» ይባላል። በካሊፎርኒያ በባለሥልጣን ትእዛዝ መኪናው የተነሳበት ሰው ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን አንስቶ በ10 ቀን ውስጥ «ቶው ሂሪንግ» መጠየቅ ይችላል፤ ማንሳቱ አግባብ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው እዚያ ይታያል። በእንግሊዝ በማዘጋጃ ቤት ቅጣት ላይ የሚነሳ ክርክር በተለምዶ በ«ቻሌንጅ» ይጀምራል፣ ወደ «ሬፕረዘንቴሽንስ» ይሻገራል፣ በመጨረሻም «አፒል» ሆኖ ገለልተኛ ዳኛ ፊት ይቀርባል።