ስለ ቤት ውስጥ የአየር ማርጠቢያ መሣሪያ አያያዝ

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን ላቀርብ ማሰቤን ለክፍል ጓደኞቼ በነገርኋቸው ጊዜ፣ «ሐምሌና ነሐሴ እንደዚያ በሚያበሰብሰን አገር አየር የሚያረጥብ መኪና ምን ያደርጋል?» ብለው ሳቁብኝ። ስለ ሐምሌና ስለ ነሐሴ እውነት አላቸው። ነገር ግን ክረምቱ አልፎ ደረቁ ነፋስ መንፈስ ሲጀምር ከንፈራችን የሚሰነጣጠቀው፣ ጧት ስንነሣ ጕሮሯችን የሚከረክረን፣ ማታ ሹራባችንን ስናወልቅ የሚንጣጣው ለምን እንደ ሆነ ያሰቡበት አይመስለኝም። በእኛ ቤት ደግሞ ነገሩ ከከንፈር መሰንጠቅ ያለፈ ነበር። በ2015 ዓ.ም. በኅዳርና በታኅሣሥ ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ የነበረችው እኅቴ ሌሊት እየነሰራት፣ ጧት ትራሷ በደም ተበክሎ እናገኘው ነበር። ያዩዋት ሐኪም የአፍንጫዋ ውስጥ ስስ ቆዳ በድርቀት ምክንያት እንደሚሰነጠቅ አስረድተው፣ የመኝታ ክፍሏ አየር ጥቂት እርጥበት ቢያገኝ መልካም መሆኑን ነገሩን።

ይህን የሰሙት በአሜሪካ በሚኒሶታ የሚኖሩት አክስቴ ናቸው። በዚያ አገር አየር ማርጠቢያ፣ እነርሱ ሂውሚዲፋየር የሚሉት፣ እንደ ምድጃ የተለመደ የቤት ዕቃ ነው። ምክንያቱ በፊዚክስ ትምህርታችን ያለ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየር በዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊይዝ የሚችለው የውሃ ተን ከ5 ግራም ያነሰ ሲሆን፣ በ20 ዲግሪ ግን እስከ 17 ግራም ይይዛል። ስለዚህ ከደጅ የገባው ብርዳም አየር በማሞቂያ ሲሞቅ መያዣው ይሰፋል እንጂ ውሃው አይጨምርም፤ ደጅ ሳለ ጢም ብሎ ሞልቶ የነበረው፣ ቤት ሲገባ ከሩብ ጥቂት ከፍ ያለ ብቻ የያዘ ይሆናል። የጐደለውን ከቆዳችን፣ ከአፍንጫችን፣ ከእንጨቱ ዕቃ ሳይቀር ይመጥጠዋል። የአዲስ አበባ ብርድ እንደ ሚኒሶታ የከፋ አይደለም፤ ቤታችንንም በማሞቂያ አናሞቅም። ነገር ግን የበጋው ነፋስ ከመነሻው ደረቅ ስለ ሆነ፣ በአፍንጫችን ላይ የሚያደርሰው ጕዳት ተመሳሳይ ነው።

አክስቴ ለጥምቀት ሲመጡ መሣሪያውን በሻንጣቸው ይዘውልን መጡ። እኔም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁና፣ ከቤቱ ሁሉ ዐዋቂ መስዬ ለመታየት፣ የመመሪያውን መጽሐፍ ሳልከፍት ውሃ ሞልቼ ሶኬቱ ላይ ሰካሁት። ጧ! አለ፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፤ ከዚያ በኋላ ጸጥታ ሆነ። ከግርጌው «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ተብሎ በግልጥ ተጽፎበታል። የእኛ አገር መብራት ደግሞ 220 ቮልት ነው። አባቴ አልተቈጡም፤ ዝምታቸው ግን ከቍጣ የባሰ ነበር።

በሰፈራችን ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ከፍተው አዩት። የተቃጠሉት ፊውዙና ከእርሱ አጠገብ ያለችው ምስር የመሰለች ክብ ክፍል፣ ቫሪስተር የምትባለው፣ ብቻ ነበሩ። «እነዚህ የተፈጠሩት ለዚህ ነው፤ እነርሱ ሞተው ሌላውን አድነውልሃል» አሉኝ። ሁለቱን ለውጠው፣ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር እንድንገዛ አዘዙን። ከውጭ አገር ዕቃ የሚላክላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ከግርጌው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ እዚህም ይሠራል፤ «120» ብቻ ካለ ግን ያለ ትራንስፎርመር አይነካ።

የእኛው መሣሪያ የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ነው። ከውሃው በታች ሳንቲም የምታክል ክብ ቀጭን ነገር አለች፤ በቤታችን «ሳንቲሟ» እንላታለን። ኤሌክትሪክ ሲደርሳት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ጊዜ በላይ ትርገበገባለች። ድምፁ ለሰው ጆሮ አይሰማም፤ ውሃው ግን ከላይ እየተበጣጠሰ ጉም ይሆናል፤ ጉሙንም ትንሽ ማራገቢያ ወደ ክፍሉ ይገፋዋል። ሌሎችም ዐይነቶች አሉ። አንደኛው እርጥብ ጨርቅ በመሰለ ነገር ውስጥ ነፋስ የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ሌላው እንደ ማንቈርቈሪያ ውሃውን አፍልቶ በእንፋሎት የሚያወጣ ነው። የሚያፈላው ሕፃናት ባሉበት ቤት የማቃጠል አደጋ ስላለው እኔ አልመርጠውም።

አሁን የምናገረውን ግን ልብ በሉልኝ። ውሃ ሲፈላ ተኑ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ ማዕድኑና ቆሻሻው ከዕቃው ውስጥ ይቀራል። በድምፅ ሞገድ የሚሠራው መሣሪያ ግን ውሃውን አያተንነውም፤ ይበጣጥሰዋል እንጂ። ስለዚህ በውሃው ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ፣ ጨውም ሆነ ተሕዋስያን፣ ከጉሙ ጋር አብሮ ወጥቶ ወደ ሳንባችን ይገባል። ይህን ሳናውቅ አንድ ዓመት ኖርን።

የመጀመሪያው በጋ በሰላም አለፈ፤ የእኅቴም ነስር ቀነሰ። በ2016 ዓ.ም. በጋ ግን ሰነፍን። ማጽዳቱ የእኔ ተራ ነበር፤ ፈተና ደረሰብኝ ብዬ ውሃው ላይ ውሃ መጨመር ጀመርሁ። መብራት ጠፍቶ ሲያድርም ውሃው በዕቃው ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጥ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በጥቍሩ ቴሌቪዥን ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ትቢያ ማየት ጀመርን፤ ጉሙም ቀጠነ። እኅቴ ያለ ጉንፋን ሌሊት ሌሊት ታስል ጀመር። ሐኪም ቤት ስንወስዳት ከተጠየቅነው አንዱ፣ «በክፍሏ ውስጥ አዲስ ነገር አለ ወይ?» የሚል ነበር። ቤት ተመልሼ የውሃውን መያዣ ከፍቼ ጣቴን ብሰድ የሚያሟልጭ ነገር ነካሁ፤ ሽታውም የረጋ ኵሬ ነበር። ሳንቲሟ በነጭ ቅርፊት ተሸፍና አትታይም። መሣሪያውን አቆምነው፤ ሳሉም ከዐሥር ቀን በኋላ ለቀቃት። ሐኪሙ «ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው» ብለው አልቈረጡም፤ እኔ ግን ያን ጣቴን ያሟለጨኝን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ በኋላ እናቴ አንድ መፍትሔ አመጡ። «በውሃው ውስጥ በረኪና ጠብ ብናደርግበትስ? ለመጠጡ ውሃ እንኳ ውሃ አጋር እንጨምርበት የለም ወይ?» አሉ። አያቴ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተቀቅሎ ቢገባበት ለሳሉም ይበጃል አሉ። ሁለቱም አሳብ ለጊዜው ደስ አሰኝቶኝ ነበር፤ ነገር ግን በዚህ ጊዜ ሳልጠይቅ ላለመንካት ቈርጬ ነበርና፣ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ጀመርሁ። ባነበብሁትም ደነገጥሁ።

በደቡብ ኮሪያ ከ1994 ጀምሮ (በፈረንጆች አቈጣጠር ነው የምጽፈው) በአየር ማርጠቢያ ውሃ ውስጥ የሚጨመር የተሕዋስያን ማጥፊያ በየሱቁ ይሸጥ ነበር። ሰዎች የሚገዙት ቤተሰባቸውን ከበሽታ ለመጠበቅ ነው፤ ስለዚህም አብዝተው ይጠቀሙበት የነበሩት ነፍሰ ጡሮች፣ አራሶችና ሕፃናት ያሉባቸው ቤቶች ናቸው። በ2011 በሴኡል ያሉ ሐኪሞች እናቶች ምክንያቱ ባልታወቀ ከባድ የሳንባ በሽታ እየተያዙ ሲመጡባቸው ምርመራ ተደረገ፤ ምክንያቱም ያ ማጥፊያ ሆኖ ተገኘ፤ በዚያው ዓመት ከገበያ እንዲነሣ ታዘዘ። በዚያ አገር መንግሥት የጕዳቱ ሰለባ ናቸው ተብለው ከታወቁት ሰዎች መካከል የሞቱት ብቻ ከአንድ ሺህ ይበልጣሉ። ከኬሚካሎቹ አንዱ፣ ፒ ኤች ኤም ጂ የሚባለው፣ ቀድሞ የተመረመረው ለምንጣፍ ሥራ ታስቦ ነበር፤ በትንፋሽ ሲገባ የሚያደርገው ነገር ከሽያጩ በፊት በሚገባ አልተመረመረም። ሆዳችን የሚችለውን ሳንባችን ላይችል ይችላል። ይህን ለእናቴ ባነበብሁላቸው ጊዜ የበረኪናውን ጠርሙስ አንሥተው ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ወሰዱት። የአያቴም ባሕር ዛፍ እንደ ጥንቱ በድስት እየፈላ በሻሽ ተሸፍነው እንዲታጠኑበት ተወሰነ፤ ዘይቱ የመሣሪያውን ፕላስቲክ የሚጐዳ ከመሆኑም ሌላ፣ በጉም መልክ መተንፈሱ ለሳንባ አይበጅምና። ወደ መሣሪያው ከውሃ በቀር ምንም አይገባም።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የምናደርገው ይህ ነው። ጧት ከሶኬቱ ነቅዬ የተረፈውን ውሃ እደፋለሁ፤ ዕቃውን አለቅልቄ በንጹሕ ጨርቅ እወለውለውና ክፍት አድርጌ እስከ ማታ አደርቀዋለሁ። ሥራው የአራት ደቂቃ ነው፤ ከእርሱ የሚበልጥ መድኃኒትም የለም፤ ደረቅ ዕቃ ላይ ተሕዋስያን አይራቡምና። በየሦስተኛው ቀን ደግሞ ከሳንቲሟ በላይ ባለው ጐድጓዳ ውስጥ አቼቶ በውሃ ቀጥኜ እጨምርና ሃያ ደቂቃ ያህል አቆየዋለሁ። ነጩ ቅርፊት አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለ ሆነ በአሲድ እየቀለጠ ይለቃል፤ በኬሚስትሪ ክፍል ያየነው አረፋም ይታያል። ከዚያ በኋላ ባረጀ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አሻሽቼ ደጋግሜ አለቀልቀዋለሁ። በቢላዋ ወይም በሽቦ መፋቅ ክልክል ነው፤ ሳንቲሟ አንድ ጊዜ ከተጫረች አትድንም። በወር አንድ ጊዜ፣ መሣሪያው ጠፍቶ ሳለ፣ የውሃውን መያዣ በአምስት ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ በረኪና ጨምረን እናጥበዋለን፤ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋም እናለቀልቀዋለን። በረኪናና አቼቶ ግን በአንድ ቀን እንኳ አላገናኛቸውም፤ ሲቀላቀሉ መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ያወጣሉ።

ስለ ውሃው ዐይነት ጥቂት ልበል። የአዲስ አበባ ውሃ ከአንድ ቦታ የሚመጣ አይደለም፤ ከፊሉ እንደ ለገዳዲና እንደ ገፈርሳ ካሉ ግድቦች፣ ከፊሉም በአቃቂ በኩል ካሉ ጥልቅ ጕድጓዶች ይገኛል። የጕድጓድ ውሃ በዐለት መካከል ቈይቶ ስለሚወጣ ማዕድን ይበዛበታል። የእኛ ሰፈር ውሃ እንዲህ ያለው መሆኑን የማንቈርቈሪያችን ውስጥ ይመሰክራል። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ማዕድኑን ሁሉ ግን አያወጣም። ለመሣሪያው የተሻለው የተጣራ፣ ማለት ተንኖ እንደገና የጠለለ ውሃ ነው። «የባትሪ ውሃ» እየተባለ ለመኪና የሚሸጠውን ያለ ምርመራ መግዛት ግን አደገኛ ነው፤ አሲድ የተቀላቀለበትም በዚሁ ስም ሊሸጥላችሁ ይችላልና። እኛ ይህን ሁሉ ወጪ ስለማንችል በቧንቧው ውሃ እንጠቀማለን፤ ዕዳውንም በአቼቶ እንከፍላለን። (አንድ ጓደኛዬ አምቦ ውሃ ቢገባበትስ ብሎ ጠየቀኝ። ለሳንቲሟ ከዚያ የከፋ መጠጥ አላውቅም።)

መሣሪያውን ወለል ላይ ማስቀመጥ ምንጣፉን ያበሰብሳል፤ ከአልጋው ራቅ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ማኖር ይሻላል። ርጥበቱም መብዛት የለበትም። አንዲት ትንሽ መለኪያ ገዝተን ከ30 እስከ 50 በመቶ ባለው መካከል እንጠብቀዋለን። ጧት መስኮቱ ካላበው ወይም የግድግዳው ማዕዘን ከጠቈረ በዝቷል ማለት ነው፤ ሻጋታ ደግሞ ከድርቀት የባሰ ሳል ያመጣል።

መብራት በሄደ ጊዜ ደግሞ ወዲያው መንቀል ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ ኀይሉ አንዳንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ፣ የእኛ ጠጋኝ እንደሚሉት ከዕቃ ሁሉ የሚበዛውን የሚጠግኑት ከዚህ የተነሣ ነው። ውሃ ያለቀበትን መሣሪያ ማሠራትም ሳንቲሟን በደቂቃዎች ያቃጥላታል። ውሃ ሲያልቅ ራሱን የሚያጠፋበት ተንሳፋፊ ቢኖረውም፣ ተንሳፋፊው ራሱ በቅርፊት ተይዞ እንዳይቀር በጣቴ ከፍ ዝቅ አድርጌ እሞክረዋለሁ።

ሳንቲሟ ዘላለማዊ አይደለችም፤ ብዙ ሺህ ሰዓት ከሠራች በኋላ ትደክማለች። የእኛዋ ዘንድሮ በጥር ደከመች፤ ንጹሕ ሆና ሳለ ጉሟ ቀጠነ። ዲያሜትሯን በማስመሪያ ለክቼ፣ 20 ሚሊ ሜትር፣ ለአክስቴ ጻፍሁላቸው፤ ሦስት መለዋወጫ ላኩልን። የጐማ ቀለበቷን በትክክል ካላስቀመጡ ውሃ ወደ ታች ወርዶ ኤሌክትሪኩን ያበላሻል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የለወጥኋት አዛውንቱ ጠጋኝ አጠገቤ ቆመው ነው። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እርሳቸው ግን አልረዱኝም፤ ሻያቸውን እየጠጡ ብቻ ያዩኝ ነበር።

አሁን ሰኔ ስለ ገባ መሣሪያው ሥራውን ፈጽሟል። በአቼቶ አጥቤ፣ ክፍሎቹን ፈታትቼ ሁለት ቀን ሙሉ በጥላ አድርቄዋለሁ፤ በላስቲክ ከተጠቀለለ የቀረችው ጠብታ ስለምታሻግተው በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ በካርቶኑ ውስጥ አኑሬዋለሁ። በመስከረም እኔ ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ ብዬ ተስፋ ስለማደርግ፣ ዘጠኝ ዓመት የሞላት እኅቴ የጧቱን ሥራ ከአሁኑ ተምራለች። በካርቶኑ ላይ የማጽጃውን ቀን የምትጽፍበት ወረቀት ለጥፋለች፤ የመጀመሪያውንም መሥመር በራሷ እጅ ሞልታዋለች።