ይህን ድራም የመታው ማነው?

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፤ "የድሮ ሂፕ ሆፕ ቻናል ከሆነ ዘፈኑን ልቀቅና እንስማ፣ ከሥሩ ይሄ ሁሉ የስም ዝርዝር ምን ያደርጋል?" የሚል። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በቴሌግራም የሚዞሩትን የድሮ የራፕ ፋይሎች ከፍታችሁ እዩአቸው። የዘፋኙ ስም መጻፍ በነበረበት ቦታ ላይ ፋይሉን የለቀቀው ቻናል አድራሻ ተለጥፏል። የአልበሙ ስም የለም፤ ዓመቱ የለም፤ ሽፋኑ ወጥቶ ማስታወቂያ ገብቶበታል። ፕሮዲውሰሩማ ጭራሽ አይነሳም። እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ የአንዱ ሥራ በሌላው ስም ይቀራል። እኔ ይህን እንደ ቀላል ነገር ማለፍ አልችልም። የሂፕ ሆፕ ታሪክ ከጅምሩ ስማቸው የተዘለለ ሰዎች ታሪክ ነው፤ የተዘለለውን ስም ፈልጎ ወደ ቦታው የመለሰው ደግሞ በአብዛኛው አድማጩ ነው። የእኛም ሥራ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ከመጀመሪያው ምሽት ልነሳ። ኦገስት 11 ቀን 1973 ብሮንክስ ውስጥ፣ 1520 ሴጅዊክ አቬኑ ላይ ባለው አፓርታማ የተደረገውን ድግስ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዲጄ ኩል ሄርክ ያጫወተበት ነው። ድግሱን ያሰናዳችው ግን እህቱ ሲንዲ ካምቤል ናት። ትምህርት ሊከፈት ሲል ለአዲስ ልብስ መግዣ ገንዘብ አስፈለጋት፤ የሕንፃውን የመዝናኛ ክፍል ተከራየች፤ መግቢያው ለሴቶች 25፣ ለወንዶች 50 ሳንቲም ሆነ፤ ወንድሟን ሙዚቃ አጫውት አለችው። ሄርክ ገና በልጅነቱ ከጃማይካ፣ ከኪንግስተን የመጣ የ18 ዓመት ወጣት ነበር። የዚያ ምሽት ነገር በተነሳ ቁጥር የሲንዲ ስም መቅደም አለበት ባይ ነኝ።

ሄርክ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር። ጭፈራው የሚጦፈው ዘፋኙም ጊታሩም ዝም ብለው ድራሙ ብቻውን ሲቀር ነው። ብሬክ የሚባለው ይህ ቦታ ነው፤ ችግሩ በሸክላው ላይ ከጥቂት ሰከንዶች አለማለፉ ነው። ስለዚህ የአንድ ሸክላ ሁለት ኮፒ ይዞ በሁለት ማጫወቻ ላይ ጎን ለጎን አደረጋቸው። በአንዱ ላይ ብሬኩ ሲያልቅ ሁለተኛውን ከብሬኩ መነሻ ያስጀምረዋል፤ ያኛው እየተጫወተ ሳለ የመጀመሪያውን መርፌ አንስቶ ወደ ኋላ ይመልሳል። ሰከንዶቹ ደቂቃዎች ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ ሌላው ዲጄ ግራንድማስተር ፍላሽ መጣና ሸክላው ላይ ምልክት እያደረገ፣ ስንት ዙር ወደ ኋላ ማዞር እንዳለበት እየቆጠረ፣ ምቱ ሳይዛነፍ ማጋጠም ቻለ።

እንግዲህ አስቡት፤ በእነዚያ ምሽቶች ሕዝቡን የሚያስጨፍረው ከዓመታት በፊት ስቱዲዮ ገብቶ ያንን ድራም የመታ ሰው ነው። ሰውየው ይህን አያውቅም፤ ጨፋሪውም ሰውየውን አያውቀውም። ሄርክ ደግሞ ተፎካካሪዎቹ የትኛውን ሸክላ እንደሚያጫውት እንዳይደርሱበት መሃሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በውሃ ነክሮ ይልጠው ነበር። የእንጀራው ጉዳይ ነውና አልፈርድበትም። የሙዚቀኞቹ ስም ግን አብሮ ተላጠ።

ራፑ ወደ ሸክላ ሲገባም ነገሩ አልተሻሻለም። በ1979 ሲልቪያ ሮቢንሰን ያሳተመችው "ራፐርስ ዲላይት" ላይ ከራፐሮቹ አንዱ ቢግ ባንክ ሀንክ የሚላቸው ስንኞች የሌላ ራፐር፣ የግራንድማስተር ካዝ ናቸው። ሀንክ የካዝን የመድረክ ስም እንኳ ሳያወጣው ፊደል በፊደል ጠርቶታል! ዘፈኑ ዓለምን ዞረ፤ የካዝ ስም ግን ከደራሲዎቹ ጋር አልሰፈረም። በ1982 "ዘ ሜሴጅ" ሲወጣ ሸክላው ላይ የታተመው የግራንድማስተር ፍላሽና የፊዩሪየስ ፋይቭ ስም ነው፤ ራፑ ግን የሜሊ ሜልና የዱክ ቡቲ ነው፤ ቢቱንም የሠራው ፍላሽ አይደለም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የግሪጎሪ ኮልማን ነገር ነው። ዘ ዊንስተንስ የሚባለው የዋሽንግተን ዲሲ ባንድ በ1969 "ከለር ሂም ፋዘር" የሚል ዘፈን አወጣ፤ ተወደደ፣ ግራሚም አገኘ። በሸክላው ጀርባ "አሜን ብራዘር" የሚል በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ ገባ። መሃሉ ላይ ሌሎቹ መሣሪያዎች ያርፉና ኮልማን ለስድስት ሰባት ሰከንድ ያህል ብቻውን ይመታል። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፤ አራት ባር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ባሮች ያው ምት ይደገማል። ሦስተኛው ላይ ስኔሩን ከሚጠበቅበት ቦታ ትንሽ ያዘገየዋል። አራተኛው ላይ የመጀመሪያውን ምት ባዶ ይተወውና ከዚያ ተሽቀዳድሞ ሲምባሉ ላይ ይደርሳል። ያቺ ባዶ ቦታ ሰውነትን ወደ ፊት ትስባለች።

በ1986 ሌኒ ሮበርትስ የሚባል የብሮንክስ ሰው ዲጄዎች የሚያሳድዷቸውን ብሬኮች ሰብስቦ "አልቲሜት ብሬክስ ኤንድ ቢትስ" በሚል ተከታታይ ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ በ1991 ሲያበቃ 25 ቅጽ ደርሶ ነበር። "አሜን ብራዘር" የመጀመሪያው ቅጽ ላይ አለ። ከዚያማ ማን ያቁመው? ኤን ደብሊው ኤ በ1988 "ስትሬት አውታ ኮምፕተን"ን በእሱ ላይ ሠሩ፤ እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ጃንግል የሚባለው ሙዚቃ የቆመው በዚህ ድራም ላይ ነው። ኮልማን በ2006 አትላንታ ውስጥ ቤት አልባ ሆኖ ሞተ። በዓለም ዙሪያ ከተቀዳው ምቱ ምንም አልተከፈለውም። በ2015 አንድ እንግሊዛዊ ዲጄ በኢንተርኔት መዋጮ ጠይቆ ወደ 24,000 ፓውንድ ተሰበሰበና ለባንዱ መሪ ለሪቻርድ ስፔንሰር ተሰጠ። ያዋጡት በዚያ ድራም ሲጨፍሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የአድናቂዎች ስብስብ ስል እኔ ይህን ነው የማስበው።

ስለ ቢት መሥሪያ ማሽኖቹም ትንሽ ልበል፤ ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለሆነ። በ1987 የወጣው ኤስፒ 1200 የተባለው ሳምፕለር፣ ማለትም ከሸክላ ላይ ቁራጭ ድምፅ (ሳምፕል) የሚቀዳው ማሽን፣ በአጠቃላይ መያዝ የሚችለው ወደ አሥር ሰከንድ የሚጠጋ ድምፅ ብቻ ነው። ፕሮዲውሰሮቹ መላ ዘየዱ። በደቂቃ 33 ዙር መጫወት ያለበትን ሸክላ በ45 ዙር አፍጥነው ይቀዱታል፤ ድምፁ ስለሚያጥር ትንሽ ቦታ ይይዛል። ከዚያ ማሽኑ ውስጥ መልሰው ያዘገዩታል። ሲዘገይ ይሻክራል፣ ይወፍራል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፒት ሮክና ላርጅ ፕሮፌሰር ከሠሯቸው ቢቶች የምንሰማው ያ አቧራማ ድምፅ የመጣው ከዚህ እጥረት ነው። አሁን በላፕቶፕ ለመኮረጅ ብዙ ሶፍትዌር ተሠርቶለታል።

ሕጉ ዘግይቶ ደረሰ። በ1991 መጨረሻ የኒውዮርክ ፍርድ ቤት በራፐሩ ቢዝ ማርኪ ላይ ሲፈርድ ያልተፈቀደ ሳምፕል ስርቆት ነው አለ፤ አልበሙም ከገበያ ተሰበሰበ። ፍርዱ ለባለመብቶች ጥበቃ ሰጥቷል፣ አልክድም። ግን ፈቃድ የመግዛት አቅም የሌለውን ፕሮዲውሰር ከጨዋታ አወጣው፤ ድራሙን ለመታው ሰው ደግሞ ያመጣለት ነገር የለም፣ ምክንያቱም መብቱ አብዛኛውን ጊዜ የኩባንያውና የደራሲው ነው። በጄምስ ብራውን "ፈንኪ ድራመር" ላይ የመታው ክላይድ ስተብልፊልድ በዓለም እጅግ ከተቀዱት ምቶች አንዱን ሰጥቶ የደራሲነት ድርሻ ሳያገኝ በ2017 አረፈ። ዴ ላ ሶል የተባለው የራፕ ቡድን የ1989 ዝነኛ አልበም ደግሞ በሳምፕሎቹ ውል ምክንያት እስከ ማርች 3 ቀን 2023 ድረስ በስትሪሚንግ አልተገኘም። ከሦስቱ የቡድኑ አባላት አንዱ ትሩጎይ ያንን ቀን ሳያይ በፌብሩዋሪ ሞተ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አልበሙ እንዳይረሳ ያደረጉት ሸክላውንና ካሴቱን ያስቀመጡ፣ ለታናናሾቻቸው ያስደመጡ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደምወደው አልበም ልምጣ፤ የራፐሩ ናስ "ኢልማቲክ"፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1994። ናስ 20 ዓመቱ ነበር፤ አሥር ትራክ፣ አርባ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ አንድም የሚጣል ነገር የለውም። ሁለተኛው ትራክ ላይ ዲጄ ፕሪሚየር ያዞረው ያ የሚያስፈራ ፒያኖ ከጆ ቼምበርስ "ማይንድ ሬይን" የተወሰደ ነው። ቼምበርስ በጃዝ ዓለም የሚታወቀው በድራመርነቱ ነው፤ እዚያ ሙዚቃ ላይ ግን ፒያኖ ይጫወታል። ሦስተኛው ትራክ ሊያልቅ ሲል የምትሰሟት ኮርኔት ደግሞ ሳምፕል አይደለችም፤ የናስ አባት ኦሉ ዳራ ራሱ ስቱዲዮ ገብቶ የነፋት ናት። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ያንን መጨረሻ ሳልሰማ ትራኩን ማለፍ አልችልም። አባት ልጁ ስለ ሰፈሩ የተናገረውን ከሥር ሆኖ እየመለሰለት ነው።

ይኸው ናስ በ2010 ከዴሚያን ማርሊ ጋር "ዲስታንት ሪላቲቭስ"ን አወጣ። የመክፈቻው ትራክ "አዝ ዊ ኢንተር" የቆመው በሙላቱ አስታጥቄ "የግሌ ትዝታ" ላይ ነው። በ1998 የወጣው፣ ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ አልበም አራተኛ ቅጽ፣ ከ1969 እስከ 1974 የተቀዱትን የኢትዮ ጃዝ ሥራዎች ለዓለም አዳርሷል፤ "የግሌ ትዝታ"ም እዚያ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ቢት ሠሪዎች ጆሮ ወደ እኛ ዞሯል፤ ኦ ኖ የሚባለው የካሊፎርኒያ ፕሮዲውሰር በ2009 "ዶክተር ኖስ ኢትዮፒየም" በሚል ሙሉ አልበም ከኢትዮጵያ ሸክላዎች ሠርቷል። ስለዚህ የስሙ ጉዳይ የብሮንክስ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነገ አንድ የቺካጎ ልጅ የአዲስ አበባን የድሮ ቀረጻ ቆርጦ ሲጠቀም፣ ያንን ሳክስፎን የነፋው ማን እንደሆነ ፈልጎ የሚያገኘው እኛ ጽፈን ካስቀመጥንለት ነው።

ደግሞ እኛ ለዚህ ባይተዋር አይደለንም። የካሴት ዘመንን የደረሳችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ሽፋኑን ስንዘረጋው ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ ይላል። ለእያንዳንዱ ዘፈን ለየብቻ! ዘፋኙን ወደን ገዝተን አቀናባሪውን አውቀን እንወጣ ነበር። ዛሬ ቤታቸው ቁጭ ብለው በላፕቶፕ ቢት የሚሠሩ የአማርኛ ራፕ ፕሮዲውሰሮች ግን ስማቸው በፋይሉ ላይ እንኳ የለም። በግሩፓችን ውስጥ "ቱፓክ ይበልጣል ወይስ ቢጊ" የሚለው ክርክር በአንድ ማታ መቶ መልእክት ያስጽፋል፤ "ይህን ቢት የሠራው ማነው?" የሚለው ጥያቄ ግን መልስ ሳያገኝ ያድራል። ይህ እንዲገለበጥ እፈልጋለሁ።

ከዛሬ ጀምሮ በግሩፑ ዘፈን የምትለቁ ሁሉ የራፐሩን፣ የፕሮዲውሰሩንና የአልበሙን ስም፣ እንዲሁም ዓመቱን ከሥሩ ጻፉ። ሳምፕል ካለው ከየት እንደተወሰደ ጨምሩ፤ የማታውቁትን ጠይቁ፣ የሚያውቅ አይጠፋም። ፋይሉ ላይ የሌላ ቻናል አድራሻ ተለጥፎ ካገኛችሁት ስሙን አስተካክላችሁ ልቀቁት፤ የእኛንም አድራሻ እዚያ ቦታ ላይ አትለጥፉ። ቤታችሁ፣ ወይም በአባታችሁና በአክስታችሁ ቤት፣ የድሮ ሸክላና ካሴት ያላችሁ ደግሞ የሽፋኑን ፊትና ጀርባ በጥራት ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ ዲሲም ሆናችሁ፣ ቴል አቪቭም፣ ዱባይም። ቅዳሜ ማታ በቮይስ ቻት "ኢልማቲክ"ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረን እንሰማለን፤ "የግሌ ትዝታ"ን ቀድማችሁ ሰምታችሁ ኑ።