ሩጫ፣ ሥራና ልጅ ማሳደግ፦ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሚኖር ሠራተኛ የሚስማማ የሳምንት ዕቅድ

መግቢያ

ጎሕ ሲቀድ በአዳማ ጎዳናዎች ላይ የሚሮጡ ሰዎችን ማየት ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ከእነዚህም መካከል ሩጫን እንጀራቸው ካደረጉት አትሌቶች ሌላ መምህራን፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ነጋዴዎችና ነርሶች ይገኙበታል። አንዳንዱ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም እንዳለበት ከሐኪሙ ሰምቶ የጀመረ ነው። ሌላው ደግሞ በኅዳር 1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደውን የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለመካፈል የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ሥራና ልጆች ያሏቸው በመሆናቸው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወይ ይታመማሉ፣ ወይ ከቤተሰባቸው ጋር ይጋጫሉ፣ አለዚያም ጨርሰው ያቆማሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሙሉ ቀን የሚሠራና ልጆች የሚያሳድግ ሰው ጤናውንም ቤቱንም ሳይጎዳ ሊከተለው የሚችል የሳምንት የሩጫ ዕቅድ ምን እንደሚመስል ማስረዳት ነው።

ከራስ ስሕተት የተገኘ ትምህርት

የሁለት ልጆች አባት ነኝ። በሆስፒታል ተረኛ ሆኜ የማድርባቸው ሌሊቶች አሉ፤ ባለቤቴም መምህርት ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለማራቶን ዝግጅት የተጻፈ፣ በሳምንት 6 ቀን የሚያስሮጥ ዕቅድ አገኘሁና እንደ መድኃኒት ማዘዣ ቃል በቃል ተከተልሁት። ተረኛ ሆኜ ባደርሁበት ማግስት እንኳ አላቋረጥሁም። በ5ኛው ሳምንት የግራ እግሬ የቅልጥም አጥንት አንድ ቦታ ላይ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ወዲያው ዕረፍት አዝለት ነበር፤ ለራሴ ግን እልህ ይዞኝ 10 ቀን ያህል ሮጥሁበት። በመጨረሻ በተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ መሆኑ ታወቀና 2 ወር ከሩጫ ተገለልሁ።

ከእግሬ ይልቅ ያስተማረኝ ግን ባለቤቴ የተናገረችው አንድ ቃል ነው። እኔ ሌሊት 11 ሰዓት ወጥቼ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ስመለስ፣ እርሷ ሕፃኑን አጥብታ፣ ትልቋን ልጅ አልብሳ፣ የምሳ ዕቃ ቋጥራ፣ ራሷም ለሥራ ተዘጋጅታ ትጠብቀኝ ነበር። ያን ጊዜ «አንተ የምትሮጠው በእኔ እንቅልፍ ነው» አለችኝ። እኔ ዕቅዴን ስነድፍ ያሰላሁት ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ለሩጫው የሚውለው ሰዓት ከማን እንደሚወሰድ አንድም ጊዜ አላሰብሁም።

ለጤና ምን ያህል መሮጥ ይበቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ፣ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ በተጨማሪም በሳምንት 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ከመካከለኛው ወገን ሲመደብ፣ ሩጫ ከጠንካራው ይመደባል። እንግዲህ በሳምንት 3 ቀን፣ በጠቅላላው 2 ሰዓት ተኩል የሚሮጥ ሰው መመሪያው ለጠንካራ እንቅስቃሴ ካስቀመጠው መጠን ከፍተኛው ላይ ደርሷል ማለት ነው።

በሳምንት 6 ቀን የሚያስሮጡ ዕቅዶች የሚስማሙት ሩጫ ሥራው ለሆነ ሰው ነው። አትሌት ጠዋት ልምምዱን ጨርሶ ይበላል፣ ቀን ይተኛል። ዕረፍቱ ራሱ የሥራው ክፍል ነው። ሠራተኛው ግን ከሩጫ በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ወደ ልጆቹ ይሄዳል። ሰውነት የሚጠነክረው በሚሮጥበት ሰዓት ሳይሆን ከሩጫው በኋላ በሚያርፍበት ጊዜ ስለሆነ፣ የአትሌቱን ጫና ያለ አትሌቱ ዕረፍት መውሰድ ጉዳትን መጋበዝ ነው።

የ168 ሰዓቶች ስሌት

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሳምንቱ መደበኛ የሥራ ሰዓት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በየቀኑ ቢያንስ 7 ሰዓት ለሚተኛ ሰው 49 ሰዓት ለእንቅልፍ ይውላል። ለመንገድ 6 ሰዓት ብናስብ 65 ሰዓት ይቀራል። ከዚህም ውስጥ ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብ፣ ልጆችን ማስጠናት፣ ገበያ፣ ጸሎት፣ ዕድርና ለቅሶ ይወጣል።

2 ሰዓት ተኩል ሩጫ ከመልበሻውና ከመታጠቢያው ጋር ወደ 4 ሰዓት ይጠጋል። ይህን 4 ሰዓት ከ65ቱ ማውጣት የሚቻል ነገር ነው። ዋናው ጥያቄ በእነዚያ 4 ሰዓቶች ልጆቹን የሚይዘው ማን ነው የሚለው ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት እሑድ ማታ ለአምስት ደቂቃ ተቀምጠው የሳምንቱን ተረኝነት፣ ስብሰባና የልጆች ጉዳይ አይተው የሩጫውን ቀኖች አብረው ቢወስኑ መልካም ነው። አንዱ ለወሰደው 4 ሰዓት ሌላውም በምትኩ ያንኑ ያህል የራሱ ጊዜ ሊያገኝ ይገባል። ጊዜውን ለሩጫ ቢያውለው፣ ቢያነብበት ወይም ቢተኛበት የእርሱ ፈንታ ነው።

የሳምንቱ ዕቅድ

ማክሰኞ፦ 40 ደቂቃ ቀላል ሩጫ። ልኩ የሚታወቀው በንግግር ነው፤ ሯጩ ሳያለከልክ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻለ ፍጥነቱ ትክክል ነው።

ሐሙስ፦ 40 ደቂቃ። ለ10 ደቂቃ ሰውነትን ካሟሟቁ በኋላ 2 ደቂቃ ፈጠን፣ 2 ደቂቃ ዝግ እያሉ 5 ጊዜ መደጋገም፣ ከዚያም በቀላል ሩጫ መጨረስ። ሰውነቱ የደከመ ሰው ይህንንም ቀን ቀላል ያድርገው።

ቅዳሜ ወይም እሑድ፦ 70 ደቂቃ ዝግ ያለ ረጅም ሩጫ።

ሰኞና ዓርብ፦ 15 ደቂቃ በቤት ውስጥ ቁጭ ብድግ፣ ተረከዝ ማንሣትና ፑሽ አፕ። ይህን ከልጆች ጋር መሥራት ይቻላል። ልጆች ጨዋታ ነው ብለው ይቀበሉታል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑትም በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ ስለሚያስፈልጋቸው ይጠቀሙበታል። ነገር ግን ልጅን በአዋቂ ርቀትና ፍጥነት ማስሮጥ አይገባም።

አዲስ ጀማሪ ከዚህ ዕቅድ አይጀምርም። አስቀድሞ 1 ደቂቃ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቀ ለ30 ደቂቃ ይሥራ። ከዚያም በየሳምንቱ የሩጫውን ደቂቃ በጥቂቱ ይጨምር።

ሳምንቱ ሲበላሽ

ልጅ ይታመማል፤ ዘመድ ይሞታል፤ የበጀት መዝጊያ ይመጣል። ዕቅድ የሚፈተነው በእንዲህ ያለው ሳምንት ነው። የሚከተሉትን ማስታወስ ይረዳል።

አንደኛ፣ ያመለጠ ሩጫ ዕዳ አይደለም። የማክሰኞውንና የሐሙሱን ደርቦ ቅዳሜ ላይ መክፈል እኔን ለጉዳት የዳረገኝ ዓይነት ስሕተት ነው።

ሁለተኛ፣ ጊዜ ሲጠብ መጀመሪያ የሚተወው ፈጣኑ ሩጫ ነው። አንድ አጭርና አንድ ረጅም ቀላል ሩጫ ብቻ ቢቀር እንኳ ሰውነት ያገኘውን ብርታት ለጥቂት ሳምንታት ይዞ ይቆያል።

ሦስተኛ፣ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ያደረ ሰው በማግስቱ ይተኛ እንጂ አይሩጥ። ይህ ለጤና ባለሙያ፣ ለጥበቃ ሠራተኛና በፋብሪካ ፈረቃ ለሚሠራ ሁሉ ይሠራል።

አራተኛ፣ ትኩሳት ያለበት ሰው ፈጽሞ አይሩጥ። ወባ በሚገኝባቸው እንደ መተሐራና ባቱ ባሉ ከተሞች ትኩሳትን «ድካም ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ስለሆነ ወዲያው ደም መመርመር ይገባል። ከ2 ሳምንት በላይ ያቋረጠ ሰው ሲመለስ ከቀድሞው ግማሽ ያህል ይጀምር።

ስለ እናቶች

በበቆጂ አካባቢ ተወልዳ ያደገችው አትሌት ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች። እ.ኤ.አ. በ1998 ልጅ ከወለደች በኋላ በ2000 በሲድኒ ያንኑ ድል ደገመች፤ በ2009 ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች። ይህ ወሊድ የሯጭነት መጨረሻ አለመሆኑን ያሳያል። ሆኖም የደራርቱን ውጤት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ በሆነች እናት ላይ መለኪያ አድርጎ መጫን ተገቢ አይደለም።

ከወሊድ በኋላ ወደ ሩጫ ለመመለስ ቢያንስ 12 ሳምንት መጠበቅ እንደሚሻል የዘርፉ ባለሙያዎች ይመክራሉ። በእነዚህ ሳምንታት እርምጃና የዳሌ ወለል ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይበቃል። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት የበለጠ መታገሥ ሊያስፈልጋት ይችላል። በሩጫ ጊዜ ሽንት የሚያመልጣት፣ ከማኅፀን በኩል የመክበድ ስሜት የሚሰማት ወይም ደም የሚፈሳት እናት አቁማ ሐኪም ታማክር። መጠነኛ ሩጫ የጡት ወተትን አያደርቅም፤ ከመውጣት በፊት ማጥባት ግን ለእናትም ለሕፃኑም ምቾት ይሰጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። ከላይ የተጠቀሰው አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ተከታታይ ቀናት ነው። ይህም 12 ሳምንት ከ6 ቀን መሆኑ ነው። እናቲቱ ለመሮጥ ብቁ በምትሆንበት ሳምንት ወደ ሥራ ትመለሳለች ማለት ነው። ስለዚህ በዚያ ወቅት ባል ሕፃኑን በሳምንት 2 ወይም 3 ጠዋት ካልያዘላት በቀር «ለምን አትንቀሳቀሺም?» ማለቱ ምክር አይሆንም።

የአካባቢያችን ጠባይ

ሙቀትና ነፋስ፦ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ ረጅም ሩጫ መጀመር አይመከርም። አዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት ነፋሻ ከተማ ናት፤ በመሆኑም ሲሄዱ ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥሞ፣ ሲመለሱ ከኋላ አድርጎ መሮጥ ድካምን ይቀንሳል። አቧራው በሚበረታበት ቀን አስም ያለበት ሰው ሩጫውን ቢያስተላልፍ ይሻላል።

ከፍታ፦ መተሐራ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ፣ አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ይገኛሉ። ከአዳማ ሄዶ አዲስ አበባ ላይ የሚወዳደር ሰው ትንፋሽ ቢያጥረው የዝግጅት ጉድለት ነው ብሎ አይደናገጥ፤ ከለመደው ፍጥነት ቀንሶ ይጀምር።

ውኃ፦ ከ1 ሰዓት ለማይበልጥ ሩጫ በመንገድ ላይ መጠጣት አያስፈልግም፤ ከዚያ በኋላ እንደ ጥማት መጠን መጠጣት ይበቃል። ነገር ግን በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ የበለጠ ፍሎራይድ ለዓመታት የጠጣ ሰው ጥርሱ ሊበልዝ፣ አጥንቱም ሊጎዳ ይችላል። ሯጭ ከሌላው ሰው አብልጦ ስለሚጠጣ ይህ ይመለከተዋል። ውኃን ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን ያከማቸዋል። ስለዚህ ከጉድጓድ ይልቅ ተጣርቶ የሚመጣ የቧንቧ ውኃ ይመረጣል።

መንገድና ውሻ፦ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ከባድ መኪኖች በሚያልፉበት መንገድ ዳር በጨለማ መሮጥ አይገባም። ጎሕ እስኪቀድ መጠበቅ፣ ደማቅ ልብስ መልበስ፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና እያዩ መሮጥና የጆሮ ማዳመጫ አለማድረግ ሕይወትን ያተርፋል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አጥቦ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ፈውስ የለውም ለማለት ይቻላል።

ጾም፦ በረመዳን ወቅት ከማፍጠሪያው በፊት ባለው አንድ ሰዓት ቀላል ሩጫ፣ ወይም ካፈጠሩ ከ2 ሰዓት በኋላ መሮጥ ይቻላል። በዐቢይ ጾም እስከ ከሰዓት የሚቆይ ሰውም የሩጫውን ጊዜ ወደ መብያው ሰዓት ያቅርብ፤ ፈጣኑንም ሩጫ ለዚያ ወቅት ይተወው።

ሐኪም መታየት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

በሩጫ ጊዜ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም ከልክ ያለፈ የትንፋሽ ማጠር የሚሰማው ሰው ወዲያው ያቁምና ይመርመር። የልብ ሕመም ወይም የሩማቲክ የልብ በሽታ ያለበት፣ የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት፣ ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ያለበትም ከመጀመሩ በፊት ይታይ። በአንድ የአጥንት ቦታ ላይ ብቻ የሚጠዘጥዝ፣ በሩጫ የሚብስና ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም በእልህ የሚታለፍ አይደለም።

ማጠቃለያ

ዛሬ በሳምንት 3 ቀን እሮጣለሁ፤ ባለቤቴም ከትምህርት ቤት ባልደረቦቿ ጋር 2 ጠዋት በእግር ትጓዛለች። በእነዚያ ጠዋቶች የምሳ ዕቃውን የምቋጥረው እኔ ነኝ። ፍጥነቴ ከቀድሞው ዝግ ብሏል፤ ከአጥንቴ ስንጥቅ ወዲህ ግን በጉዳት ምክንያት አላቋረጥሁም። የዚህ ጽሑፍ አንባቢም የሳምንት ዕቅዱን ከመጻፉ በፊት፣ በሚሮጥባቸው ሰዓቶች በቤቱ ነቅቶ ልጆቹን የሚጠብቀውን ሰው ቢያማክር፣ ከማናቸውም የልምምድ ሠንጠረዥ ይልቅ ይጠቅመዋል።