«ትርፍ ቤት» ለማን ትርፍ ነበር?

ማንኛውም ማኅበራዊ ችግር መፍትሔ ከማግኘቱ በፊት ስም ይወጣለታል። ስሙን ያወጣለት ማን እንደሆነና ከየትኛው ጥቅም ተነሥቶ እንዳወጣለት መመርመር የነቃ ኅብረተሰብ ተግባር ነው። አንድ ጉዳይ በስብሰባ አጀንዳነት ሲቀርብ ስሙ አስቀድሞ የወጣለት ከሆነ፣ ተሰብሳቢው የቀረው ሥራ እጅ ማውጣት ብቻ ይሆናል። ይህ ምርመራ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ተንጠልጥሎ ሲቀር ለማንም አይረባምና፣ እያንዳንዱ የቀበሌ ነዋሪና እያንዳንዱ ሠራተኛ ከራሱ ጣራ ሥር የሚያውቀውን የከተማ ቤት ጥያቄ አብነት አድርገን እንመልከት።

ከ1967 ዓ.ም. በፊት የአዲስ አበባ መሬት በእነማን እጅ እንደነበረ የሰፈሮቹ ስሞች ራሳቸው ይመሰክራሉ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር እያልን የምንጠራቸው ቦታዎች ለመኳንንቱ የተሰጡና አሽከሮቻቸውና ወታደሮቻቸው በዙሪያቸው የሰፈሩባቸው ነበሩ። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ቦታው ወደ ሸቀጥነት ተለወጠ። በዚህ ሸቀጥ ላይ በጨፈቃና በጭቃ የተሠራው ቤት ለባለርስቱ የማይነጥፍ ገቢ ሲሆን፣ በላቡ ለሚያድረው ተከራይ ግን ከወር ደመወዙ ላይ አስቀድሞ የሚቆረጥ ግብር ነበር። ባለቤቱ «ልቀቅ» ያለው ዕለት ዕቃውን አሸክሞ ከመውጣት በቀር ይግባኝ የሚልበት ቦታ አልነበረውም።

የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀ በአምስተኛው ወር፣ ሐምሌ 19 ቀን፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። አዋጁ ለችግሩ ያወጣለት ስም ግልጽ ነበር። ቦታውና ቤቱ በጥቂቶች እጅ ገብቷል፤ እጥረቱም ሰው ሠራሽ ነው የሚል ነው። መፍትሔውም ከስያሜው በቀጥታ ተቀዳ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ፤ የግል ቤት ማከራየት ተከለከለ፤ አነስተኛ ኪራዮች እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሱ፤ በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ከዚያ በላይ የሚከራዩት ደግሞ ለመንግሥት የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፉ።

ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ድል አይደለም። የቀን ሠራተኛው፣ ጉሊት ቸርቻሪዋ፣ የፋብሪካው ወዛደር ለመጀመሪያ ጊዜ ከመባረር ሥጋት ተላቀቀ። ዛሬም በቀበሌ ቤት ልጆች አሳድገው ለወግ ማዕረግ ያበቁ እናቶች ይህን በሚገባ ያውቃሉ። አዋጁን ከነጉድለቱ ጠቅልለው የሚያወግዙ ጸሐፊዎች ይህን ሐቅ የሚዘሉት ተከራይ ሆነው ስለማያውቁ ይመስለናል።

ይሁንና «ትርፍ ቤት» የሚለውን ስም ረጋ ብለን እንመርምረው። ትርፍነቱ የሚለካው ከማን አንጻር ነው? ከባለቤቱ አንጻር ነው። አሥር ቤት ላለው ባለርስት ዘጠኙ ትርፍ ነው። ከከተማዋ አንጻር ሲታይ ግን አንድም ትርፍ ቤት አልነበረም። ዘጠኙም ቤቶች ሰው ይኖርባቸዋል፤ ብዙዎቹም ምርጊታቸው የረገፈ፣ ማገራቸው ምስጥ የበላው፣ መጸዳጃቸውና ውኃቸው የጋራ የሆነ ነበሩ። ስለዚህ አዋጁ «ኪራዩን ማን ይሰብስብ?» ለሚለው ጥያቄ የማያሻማ መልስ ሲሰጥ፣ «ቤቱን ማን ይጠግን? አዲስ ቤትስ ማን ይሥራ?» ለሚለው የሰጠው መልስ ግን የላላ ነበር።

እዚህ ላይ ፍሪድሪክ ኤንግልስ በ1872 እና በ1873 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት ጥያቄ የጻፋቸውን መጣጥፎች ማስታወስ ይገባል። ኤንግልስ በዘመኑ በነበሩት ታላላቅ ከተሞች ያሉት ሕንፃዎች በአግባቡ ከተደለደሉ አጣዳፊውን እጥረት ወዲያውኑ ለማቃለል እንደሚበቁ ገልጿል። ይህ የበርሊንንና የማንቸስተርን ተጨባጭ ሁኔታ ያየ ሰው ድምዳሜ ነው። በኢንዱስትሪ ከተማ የባለሀብቱ ሰፊ ሕንፃ አለና ይደለደላል። በአዲስ አበባ የሚደለደለው በአብዛኛው የጭቃ ቤት ነበር። በሌላ አገር ተጨባጭ ሁኔታ ትክክል የሆነ ትንታኔ፣ የራሳችን ሁኔታ ሳይመረመር በቃል ሲጠና፣ ከሳይንስነቱ ይልቅ ድጋምነቱ ያመዝናል።

የሒሳቡን አካሄድ ማየት ይበጃል። ለአብነት በወር 8 ብር የሚከፈልበት ቤት በዓመት የሚያስገባው 96 ብር ነው። ከዚህ ላይ ለጥገና የሚተርፈው ስንት ነው? ለአንድ ቤት ጣራ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና የአናጢ ዋጋ ሲሰላ የብዙ ወራት ኪራይ እንደሚውጥ ማንም የቤት ጉዳይ ኮሚቴ አባል ያውቀዋል። ከዚህም በላይ ማኅበራቱ ከዚሁ ኪራይና ከመንግሥት ድጎማ የትምህርት፣ የጤና፣ የገበያና የመንገድ አገልግሎቶችን እንዲያቋቁሙ ይጠበቅባቸው ነበር። አንዱ ሳንቲም ለጣራውም፣ ለመዋዕለ ሕፃናቱም፣ ለመንገዱም ተመደበ። ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት ባለበት ሲቆም የቆርቆሮ ዋጋ ግን አልቆመም። ተከራዩም በራሱ ገንዘብ እንዳያድሰው፣ ቤቱ የእርሱ አይደለም፤ ፈቃድም ያስፈልገዋል።

ቅራኔው በዚህ ብቻ አላበቃም። በሕዝብ ቆጠራ እንደታወቀው የአዲስ አበባ ነዋሪ በ1976 ዓ.ም. 1.4 ሚሊዮን ገደማ፣ በ1987 ዓ.ም. 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. 2.7 ሚሊዮን ነበር። እጥረቱ ሰው ሠራሽ ነው ከተባለ፣ እጥረቱን የሠራው ሰው ሲወገድ እጥረቱም ሊወገድ ይገባው ነበር። ነገር ግን ባለርስቱ ከሄደ በኋላ የተወለደውና ከገጠር የገባው ሕዝብ የሚከራየው ቤት በሕግ አልነበረም፤ ስለዚህ ደባል ሆነ፣ ወይም በጓሮ በተቀጠለች ክፍል በድብቅ ተከራየ። አዋጁ የጠበቀው በዚያች ዕለት ተከራይ የነበረውን ነው። የነገው ተከራይ በስያሜው ውስጥ ስላልነበረ በመፍትሔውም ውስጥ አልተገኘም።

ይህ ጉድለት ከታች ወደ ላይ በሚነገር ሂስ ሊታረም በቻለ ነበር። የሐሳብ ክርክር በአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በ1968 ዓ.ም. በ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» ዓምድ ላይ በተራማጅ ወገኖች መካከል የተካሄደው ሙግት ምስክር ነው። በዚያ ሙግት ሚዛኑን የደፋው ግን የሥልጣን ጥያቄ ነበር፤ ጣራው በሚያፈሰው ቤት ውስጥ የሚኖረው ሰው የራሱን ጉዳይ ይዞ ሳይቀርብ የክርክሩ በር ተዘጋ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ሲፋፋም የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ኪራይ የሚከፈልበት ብቻ ሳይሆን ሰው የሚታሰርበት ቦታ ሆነ። ልጁ በዚያው ግቢ ታስሮ ያለ አባት «ጥገናው ለምን ዘገየ?» ብሎ ሊሞግት አይችልም። የፖሊሲን አፈጻጸም ማን እንደሚፈራና ማን እንደማይፈራ ሳያጠኑ ስለ ሕዝብ ተሳትፎ መናገር ከንቱ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ለችግሩ ሌላ ስም አወጣለት፤ ችግሩ አሁን «የቤት ባለቤት አለመሆን» ተባለ። በ1997 ዓ.ም. ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። ሕንፃ ተሠራ፤ ብዙ ቤተሰብም ጠቀመ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን መፍትሔው የሚመጥነው መቆጠብ ለሚችል ሰው ነው። ዕጣ ደርሶት ቅድመ ክፍያውንና የባንክ ዕዳውን መሸከም ያቃተው ባለዕድል ቤቱን አከራይቶ ራሱ በርካሽ ሰፈር ተከራይ ሆኖ ቀረ። በመዝገቡ ባለቤት፣ በኑሮው ተከራይ ማለት ነው።

ከዚያም በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጣ። ችግሩ ዳግመኛ ተሰየመ፤ «የኪራይ ንረት» ተባለ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መሠረት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ተደነገገ። ደመወዙ ሳይጨምር ኪራዩ በየስድስት ወሩ ለሚጨምርበት ሠራተኛ ይህ ተጨባጭ መከታ ነው። መከታው የሚሠራው ግን ተከራዩ ውሉን ለማስመዝገብ ሲደፍር ነው። ከአከራዩ ጋር በአንድ ግቢ በር የሚገባና የሚወጣ፣ በአንድ ቆጣሪ መብራት የሚጠቀም ተከራይ፣ ተስማምቶ በሁለት ዋጋ ቢዋዋል፣ አንዱን በወረቀት ሌላውን በእጅ ቢከፍል፣ የወረዳው መዝገብ ይህን በምን ያውቃል?

ስለዚህ በየወረዳው «ስለ አዋጁ አፈጻጸም» በሚል አጀንዳ ስብሰባ ሲጠራ፣ ተሰብሳቢው ከአፈጻጸሙ በፊት ስለ ስያሜው የመጠየቅ መብት አለው። ሁለቱ ዓመት ሲሞላ ተከራዩ ወዴት ይሄዳል? ጭማሪው በተገደበበት ቤት ላይ ጣራ የሚቀይረው ማን ነው? አዲስ የሚከራይ ቤት ማን፣ በምን ገንዘብ፣ በየትኛው መሬት ላይ ይሠራል? እነዚህ ጥያቄዎች በቃለ ጉባኤው «ልዩ ልዩ» በሚለው የመጨረሻ ተራ ቁጥር ሥር ሳይሆን በመጀመሪያው ሥር ሊሰፍሩ ይገባል።