አውቶሞቢል የነጂውን ሐሳብ ስለሚገምትበት ዘዴ

በዛሬው ጊዜ ወደ ገበያ የሚቀርቡት አውቶሞቢሎች፥ ነጂውን የሚረዱ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች የተገጠሙላቸው መሆኑ የታወቀ ነው። ስለ እነዚህም መሣሪያዎች ሲነገር «መኪናው የነጂውን ሐሳብ ያውቃል» ይባላል። ነገር ግን መኪና የሰውን ልብ መርምሮ ሊያውቅ አይችልም፤ ከእጅና ከእግር እንቅስቃሴ ተነሥቶ ይገምታል እንጂ። ይህንም ልዩነት ጠንቅቆ ማወቅ አስመጪውንም ሆነ የመለዋወጫ ነጋዴውን ይጠቅማል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የፍሬን ረዳት ነው። የመርሴዲስ ቤንዝ መሐንዲሶች የመንገድን ሁኔታ በሚያስመስል የመሞከሪያ መሣሪያ ላይ ባደረጉት ምርመራ፥ አደጋ በድንገት ሲመጣ ብዙ ነጂዎች ፍሬኑን ፈጥነው ቢረግጡም በበቂ ኃይል እንደማይረግጡት ተረዱ። ስለዚህ በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለገበያ የቀረበው የፍሬን ረዳት፥ ፔዳሉ የተረገጠበትን ፍጥነት ይለካል። ፍጥነቱ ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ፥ ነጂው በአስቸኳይ ለመቆም እንዳሰበ ቈጥሮ ሙሉውን የፍሬን ኃይል ይሰጣል። ነጂው እግሩን ሲያነሣም ሥራውን ይተዋል።

መሥመር ጠባቂውም እንዲሁ በምልክት ይመራል። ከፊት መስተዋት በስተኋላ ያለው ካሜራ በመንገዱ ላይ የተቀባውን መሥመር ይመለከታል። መኪናው ፍሬቻ ሳያሳይ መሥመሩን ሊያልፍ ሲል፥ ነጂው እንደ ተዘናጋ ተቈጥሮ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ፍሬቻ ከበራ ግን አውቆ ያደረገው ነው ተብሎ ብዙውን ጊዜ ዝም ይባላል።

የድካም ማስጠንቀቂያ ደግሞ ከመሪው አያያዝ የነጂውን ልማድ ይማራል፤ እጁ ለጥቂት ጊዜ ሥራ ፈትቶ መሪውን በድንገት ሲመልስ፥ ዕረፍት እንዲያደርግ ይመክረዋል። ይህ መሣሪያ ከጁላይ 2024 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚሸጡ አዳዲስ አውቶሞቢሎች በሕግ ግዴታ ሆኗል።

እንግዲህ ግምት የሚመሠረተው በምልክት ላይ ስለ ሆነ፥ ምልክቱ ሲጐድል ግምቱም ይሳሳታል። ፍሬቻ የማሳየት ልማድ የሌለው ነጂ መሣሪያውን ያሳስተዋል፤ ቀለሙ በጠፋ መንገድ ላይም ካሜራው የሚያየው ነገር አያገኝም። የፊት መስተዋት ተሰብሮ በሌላ ሲተካ የካሜራው አቅጣጫ እንደ ገና ካልተስተካከለ፥ መሣሪያው ያለ እየመሰለ ሥራውን በትክክል ላይፈጽም ይችላል።

ስለዚህ ሻጭ የሆነ ሁሉ መሣሪያው ረዳት እንጂ ነጂ አለመሆኑን ለገዢው ቢያስረዳ፥ መስተዋት የሚሸጠውም ካሜራው መስተካከል እንዳለበት አስቀድሞ ቢናገር፥ የደንበኛውን ሕይወት ከአደጋ፥ የራሱንም ስም ከወቀሳ ይጠብቃል።