ዲስክ አልባው ኮምፒውተር ያለ ስሙ ስም ወጥቶለታል

ዲስክ የሌለው ኮምፒውተር አነሳሱ ባጭሩ እንዲህ ነው። ማብሪያው ሲጫን የኔትወርክ ካርዱ ላይ ያለች ትንሽ ፕሮግራም አድራሻ የሚሰጣት ፍለጋ ለመላው ኔትወርክ ትጣራለች። የዲኤችሲፒ ሰርቨሩ የአይፒ አድራሻ ይሰጣታል፤ መነሻው ፋይል ማን እንደሚባልና የት እንደሚገኝም ይነግራታል። መነሻው ፋይል ወርዶ ከርነሉን ያወርዳል፤ ከርነሉ ከተነሳ በኋላ የቀሩትን ፋይሎች በኤንኤፍኤስ ወይም በመሰል መንገድ ከሰርቨሩ እያነበበ ይሠራል። ኢንቴል ይህን አካሄድ ፒኤክስኢ ብሎ ደንብ አበጅቶለታል፤ 2.1 የተባለው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሐሳቡ ግን ከዚያ ይቀድማል። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1980ዎቹ ዲስክ አልባ ኮምፒውተሮች ይሸጥ ነበር፤ ለዲኤችሲፒ መሠረት የሆነውን ቡትፒን ደግሞ ቢል ክሮፍትና ጆን ጊልሞር በ1985 ጽፈውታል።

ስለዚህ ማሽን ሁለት ስህተቶች ይነገራሉ። የመጀመሪያው ከተርሚናል ጋር ማምታታት ነው። ተርሚናል ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ይዞ ስሌቱን ሁሉ ለሰርቨሩ ይተዋል፤ ዲስክ አልባው ግን የራሱ ፕሮሰሰርና የራሱ ራም ስላለው ፕሮግራሙን እዚያው ያስኬዳል፣ ከሰርቨሩ የሚወስደው ፋይል ብቻ ነው። ሁለተኛው ስህተት ሥር የሰደደ ነው፤ በኔትወርክ የሚነሳ ማሽን ቀርፋፋ ነው ይባላል። ይህን የሚሉ ሰዎች ያዩትን ነው የሚናገሩት። ስክሪኑ ላይ ነጥቦቹ አንድ በአንድ ሲደረደሩ ደቂቃዎች ያልፋሉ። የተሳሳቱት ጥፋተኛውን ሲለዩ ነው። ኬብሉን ይከሳሉ፤ ያጓተተው ግን መነሻ ፋይሎቹን የሚያወርደው ቲኤፍቲፒ የተባለ ፕሮቶኮል ነው።

ቲኤፍቲፒ በ1981 በደንብ መልክ ሲጻፍ ዓላማው አነስተኛ መሆን ነበር፤ እጅግ ጠባብ በሆነ የሮም ቺፕ ውስጥ እንዲገባ ሆን ተብሎ ቀለል ተደረገ። ፋይሉን በ512 ባይት ቆራርጦ አንዱን ቁራጭ ይልክና ደረሰኝ የሚል መልስ እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል፤ መልሱ ሲመጣ ቀጣዩን ይልካል። ኩንታል ጤፍ በስኒ እየሰፈሩ፣ በየስኒው ደግሞ ተረካቢውን ማስፈረም ማለት ነው። ስሌቱን እንየው። አንድ ቁራጭ ሄዶ መልሱ እስኪመለስ አንድ ሺኛ ሰከንድ ቢፈጅ በሰከንድ የሚያልፈው ግማሽ ሜጋባይት ያህል ነው። 60 ሜጋባይት የመነሻ ፋይል በዚህ አካሄድ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ያው ኬብል አንድ ጊጋቢት ከሆነ ግን ያንኑ ፋይል በአንድ ሰከንድ ውስጥ የማሳለፍ አቅም አለው። ስለዚህ ኬብሉን በአሥር ጊጋቢት መቀየር የሚያመጣው ለውጥ ከቁጥር አይገባም፤ ጊዜውን የሚበላው መጠበቁ ነውና። ቁራጩን ወደ 1,468 ባይት ማሳደግ ሁለቱን ደቂቃ ወደ አርባ ሰከንድ ገደማ ያወርደዋል። ከሁሉ የሚሻለው በቲኤፍቲፒ አይፒኤክስኢ የተባለውን ትንሽ ፋይል ብቻ አውርዶ ከርነሉንና የቀረውን በኤችቲቲፒ ማስመጣት ነው፤ ኤችቲቲፒ የየቁራጩን መልስ ሳይጠብቅ ብዙ ቁራጭ በአንድ ጊዜ መንገድ ላይ ያሰማራል። ይህን ለውጥ ሳያደርጉ «ሞክረነው ነበር፣ አልሆነም» ብለው ለሠላሳ ማሽን ሠላሳ ዲስክ የሚገዙ ሰዎች ገንዘባቸውን ያወጡት ችግሩ በሌለበት ቦታ ነው።

በኔትወርኩ የሚላከክ ሌላም መዘግየት አለ፤ ምንጩ ስዊቹ ነው። ስፓኒንግ ትሪ የተባለው ዙር መከላከያ በነባሩ አሠራሩ አንድ ፖርት ኬብል በተሰካበት ቁጥር 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ ይማራል፤ እስከዚያው ምንም አያሳልፍም። ካርዱ ደግሞ በዚያው ሰዓት አድራሻ እየተጣራ ነው። የፒኤክስኢ ደንብ 4፣ 8፣ 16 እና 32 ሰከንድ እየጠበቀ እንዲሞክር ያዛል፤ ቀድሞ ተስፋ የሚቆርጥ ካርድ ግን አይጠፋም፤ ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ፒኤክስኢ-ኢ51 ይመጣል፣ አድራሻ የሚሰጥ አላገኘሁም ማለት ነው። ተራው ወደ አይፒኤክስኢ፣ ከዚያም ወደ ከርነሉ ሲያልፍ ካርዱ እንደ አዲስ ስለሚነሳ ሠላሳው ሰከንድ ሊደጋገም ይችላል። መፍትሔው ስዊቹ ላይ አንድ መስመር ነው፤ ኮምፒውተር የሚሰካበትን ፖርት ፖርትፋስት ማድረግ። ይህን ሳያዩ ካርድ የሚቀይሩ ባለሙያዎች መኖራቸው ያሳዝናል።

ከርነሉ ከተነሳ በኋላስ? እዚህ ላይ ነው ዲስክ አልባው የሚያስደንቀው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ ከ8 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበታል፤ የተበታተኑ ትናንሽ ፋይሎችን ሲያነብ ይህን ዋጋ ደጋግሞ ይከፍላል። ሠላሳ ማሽኖች አንድ ዓይነት ፋይል ሲጠይቁ ግን ሰርቨሩ ከዲስኩ የሚያነበው አንዴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከራሙ ያድላል፣ መልሱም ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ስለዚህ እንዲህ ባለው ንባብ ሰርቨሩ ውስጥ ያለው ራም እዚሁ ካለው ሃርድ ዲስክ ይቀድማል።

የሚነሱት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። ኤስኤስዲ የያዘ ማሽን ይህን ውድድር ያሸንፋል፤ ሳታ ኤስኤስዲ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ያህል ሲያነብ የጊጋቢት ኬብል ጣሪያ 125 ነው። ፍጥነት ብቻ የሚፈልግ ሰው ኤስኤስዲ ይግዛ። ሠላሳ ማሽን በአንድ ጊዜ ሲነሳ የሰርቨሩ አንድ ጊጋቢት ለየማሽኑ በሰከንድ ወደ አራት ሜጋባይት ይወርዳል የሚለውም እውነት ነው፤ መልሱ የሰርቨሩን ኬብል ብቻ ወደ አሥር ጊጋቢት ማሳደግ ነው። ሰርቨሩ ከወደቀ ሁሉም ይወድቃል የሚሉም አሉ። ነገር ግን ለንባብ ብቻ የተከፈተ ሲስተም ወደ ሁለተኛ ሰርቨር መገልበጥ ቀላል ነው፤ መብራት ድንገት ሲጠፋም የሚበላሽ ዲስክ በየማሽኑ ስለሌለ መሠረታዊው ሲስተም የሚያስፈልገው ዩፒኤስ የሰርቨሩና የስዊቹ ብቻ ነው። ይህ ጥቅም የሚጠፋው አንዱን ሲስተም ሁሉም እንዲጽፍበት ሲከፍቱት ነው፤ ማሽኖቹ አንዱ የአንዱን ፋይል እየደመሰሱ ሲስተሙን ያበላሹታል። በየማሽኑ የሚለወጠው ነገር በራም ላይ ይሁን፣ የተጠቃሚው ሰነድ ደግሞ በተለየ ቦታ ይቀመጥ።

ከባዱ ተቃውሞ የደኅንነት ነው። ቲኤፍቲፒ የሚለምነውን ማንነት አይጠይቅም፤ የካርዱም ጥሪ ቀድሞ ለመለሰ ሁሉ ክፍት ነው። አንድ ሰው ቤቱ የተረፈውን ራውተር አምጥቶ ግድግዳው ላይ ቢሰካ የእሱ ዲኤችሲፒ ቀድሞ ከመለሰ ማሽኖቹ መነሻ ፋይል አጥተው ሊቆሙ ይችላሉ፤ ክፉ ያሰበ ሰው ደግሞ የራሱን ከርነል ሊያስነሳባቸው ይችላል። ለዚህ ሲባል ማሽኖቹ ለብቻቸው በተከለለ ቪላን ላይ ይዋሉ፣ ስዊቹም ከሰርቨሩ ፖርት በቀር ከሌላ የሚመጣ የዲኤችሲፒ መልስ እንዳያሳልፍ ይታዘዝ፤ ካርዱና ሜይንቦርዱ አዲስ ከሆኑም በ2015 ዩኢኤፍአይ 2.5 ላይ የተጨመረው የኤችቲቲፒ አነሳስ ቲኤፍቲፒን ከናካቴው ያስቀራል፤ ሴኪዩር ቡት ሲበራበት ደግሞ በታመነ ፊርማ ያልተፈረመ ከርነል አይነሳም።