ጆሮ እየሰማ ቃሉ የማይለይበት ተማሪ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኘው ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2006 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአልባሳትና በቆዳ ውጤቶች ማምረቻ ፋብሪካዎቹ ለበርካታ ወጣቶች የሥራ ዕድል ፈጥሯል። በርካታ የስፌት መኪናዎች በአንድነት በሚንቀሳቀሱበት አዳራሽ ውስጥ የኃላፊን መመሪያ አጥርቶ መስማት አዳጋች ነው። ድምፁ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም።

የሰሙትን የመለየት እክል ያለበት ተማሪ በመማሪያ ክፍል ውስጥ የሚገጥመው ችግር ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። በተለመደው የመስማት ምርመራ ጉድለት ላይገኝበት ይችላል። ችግሩ የሚከሰተው አእምሮ ከጆሮ የደረሰውን ድምፅ ለይቶ ለማቀናበር ሲቸገር ነው። «ገባ» እና «ቀባ»ን የመሳሰሉ ተቀራራቢ ድምፅ ያላቸው ቃላት በጫጫታ መካከል ሊምታቱበት ይችላሉ። «ዋና» የሚለው ቃል ሲጠብቅና ሲላላ የሚሰጠውን የተለያየ ትርጉም መለየትም ሊያዳግተው ይችላል።

እንዲህ ያለው ተማሪ የተነገረውን ደጋግሞ ያስደግማል፤ ለጥያቄ ዘግይቶ ይመልሳል፤ በቃል ጽሕፈት ይሳሳታል፤ ተከታታይ ትእዛዞችን አሟልቶ መፈጸም ያቅተዋል። ጸጥ ባለ ስፍራ ለብቻው ሲነገረው ግን በተሻለ ሁኔታ ይረዳል። ይህ ልዩነት ካልተስተዋለ ልጁ ሰነፍ ወይም እልኸኛ ተብሎ ያለጥፋቱ ይቀጣል፤ ከትምህርትም ወደኋላ ይቀራል።

ተመሳሳይ ምልክቶች በጆሮ ሕመም፣ በቋንቋ ዕድገት መዘግየት ወይም በትኩረት ማነስ ምክንያትም ሊታዩ ይችላሉ። በመሆኑም ልጁ በቅድሚያ የጆሮ ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። እክሉን የመለየት ተግባር የባለሙያ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ምርመራዎች ልጁ 7 ዓመት ከሞላው በኋላ እንዲካሄዱ ይመከራል።

ይሁንና ድጋፉ እስከዚያ ድረስ መዘግየት አይኖርበትም። ተማሪውን ከበርና ከመስኮት አርቆ ፊት ማስቀመጥ፣ ወደ ሰሌዳ ዞሮ እየጻፉ አለመናገር፣ መመሪያን በአጭር በአጭሩ መስጠትና በጽሑፍ ማገዝ ወጪ የማይጠይቁ ርምጃዎች ናቸው። ያልገባውን ቃል ጮኾ ከመድገም ይልቅ በሌላ አገላለጽ መንገርም ይጠቅማል። የመምህሩ ድምፅ ከክፍሉ ጫጫታ በ15 ዴሲቤል ያህል እንዲበልጥ ባለሙያዎች ይመክራሉ። በክረምት ዝናብ የቆርቆሮ ጣሪያ በሚጮህበትና ተማሪዎች በተጨናነቁበት ክፍል ግን ይህን ማሟላት አስቸጋሪ ነው። ስለሆነም የመማሪያ ክፍሎች ሲገነቡና ሲታደሱ ኮርኒስ እንዲኖራቸው ማድረግ ተገቢ ነው። አቅም በሚፈቅድበትም የመምህሩን ድምፅ በቀጥታ ወደ ተማሪው ጆሮ የሚያደርስ ማይክሮፎን መጠቀም ይቻላል።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በትምህርት ዘርፍ ለተማሪው ፍላጎት ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ይደነግጋል። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂም በ1998 ዓ.ም ወጥቶ በ2004 ዓ.ም ተሻሽሏል።

የእነዚህ ሰነዶች ፋይዳ የሚለካው ግን በክፍል ውስጥ በሚታየው ለውጥ ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ለመምህራን ሥልጠና በዕቅዳቸው ውስጥ ቦታ ሊሰጡ፣ ጤና ጣቢያዎችም የሚላኩላቸውን ልጆች ሊቀበሉ ይገባል። በፈረቃ የሚሠሩ ወላጆች በሚመቻቸው ሰዓት ከመምህራን ጋር እንዲወያዩ ማድረግም ያስፈልጋል። በስፌት አዳራሽ የምትውል እናት የልጇን ችግር ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋትም።